ሳንቲሙን ሰጥቶ ደጁን ስለ መዝጋት



በበዓል ቀን በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ዙሪያ ተሰልፈው የሚቀመጡትን ዐይነ ስውራንና ሌሎች አካል ጉዳተኞች የማያውቅ ከመካከላችን አንድም የለም። ሳንቲም እንሰጣቸዋለን፤ ዳቦ እንቆርስላቸዋለን፤ እነርሱም ይመርቁናል። ይህ ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ልማድ ነው፤ ይቅር ማለታችንም አይደለም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ አለ። ሳንቲሙን የተቀበለን ሰው የጉባኤውን ማስታወቂያ፣ የትምህርቱን መርሐ ግብር፣ የክፍት ሥራ ቦታውን ወሬ ራሱ ሊያገኘው በማይችልበት መንገድ ብቻ የምናሰራጨው ከሆነ ያደረግንለት ነገር ምንድን ነው? በአንድ እጃችን ሰጥተን በሌላው እጃችን ደጁን አልዘጋንበትምን? ዛሬ የምንመረምረው ጉዳይ ይኸው ነው።

ጉዳዩን ከስልክና ከኮምፒውተር ጋር አያይዘን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በደጎሎም ሆነ በመካነ ሰላም፣ በወረኢሉም ሆነ በአጅባር ወሬው፣ ገንዘቡና ትምህርቱ ከዓመት ወደ ዓመት ይበልጥ በስልክ በኩል እየተላለፈ መጥቷል። የገበያ ዋጋ በስልክ ይጠየቃል፤ ከአዲስ አበባ የሚላክ ገንዘብ በስልክ ይደርሳል፤ የሰንበት ተማሪዎች የጉባኤ ጥሪም በቴሌግራም ይለጠፋል። ስለዚህ የስልኩ ደጅ የተዘጋበት ሰው ከብዙ ነገር ደጅ ውጭ ይቀራል ማለት ነው።

በመጀመሪያ «አካል ጉዳተኛ» ስንል ምን ማለታችን እንደ ሆነ እንመልከት። ብዙዎቻችን ጉዳቱ ያለው በሰውየው ዐይን፣ ጆሮ ወይም እግር ላይ ብቻ ይመስለናል። ነገሩን ጠለቅ ብለን ስናየው ግን ከዚህ የሰፋ ሆኖ እናገኘዋለን። ለምሳሌ የአብነት ትምህርት ቤቱን እንውሰድ። የቃል ትምህርት የሚሰጠው በምሽት ነው፤ ተማሪው ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ በቃሉ ያጠናል። በዚያ ጨለማ ውስጥ የሚያይም የማያይም ተማሪ እኩል ነው። በዚህም ምክንያት ዐይነ ስውራን የቅኔና የዜማ ሊቃውንት ከሌሎች ሳያንሱ ወንበር ዘርግተው ሲያስተምሩ ኖረዋል። በዚያው ጉባኤ ግን መስማት የተሳነው ልጅ ቦታ አልነበረውም። ትምህርት ወደ ወረቀትና ወደ ጥቁር ሰሌዳ በተዛወረ ጊዜ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ፤ ዐይነ ስውሩ ወደ ውጭ ወጣ፣ ለማይሰማው ልጅ ግን ትንሽ ቀዳዳ ተከፈተለት። የሰዎቹ ዐይንና ጆሮ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የትምህርቱ አሰጣጥ ነው። እንግዲህ ጉዳቱ ግማሹ ከሰውየው አካል ቢሆን ግማሹ ነገሩን ካዘጋጁት ሰዎች እጅ የመጣ ነው።

ይህን የተረዱ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ313 እስከ 398 ገደማ የኖረው የእስክንድርያው ዲዲሞስ ገና በአራት ዓመቱ አካባቢ ዐይኑ ጠፋ። ይሁን እንጂ በእንጨት ላይ የተቀረጹ ፊደላትን በጣቱ እየዳሰሰ እንደ ተማረ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ይነግረናል። ቅዱስ አትናቴዎስም ታላቁን የእስክንድርያ ትምህርት ቤት በአደራ ሰጠው። ከዚያ በኋላ ከ1,400 ዓመት በላይ ቆይቶ ፈረንሳዊው ልዊ ብሬይል እ.ኤ.አ. በ1824፣ በ15 ዓመቱ፣ በስድስት ነጥብ የሚጻፈውን ጽሕፈት አበጀ። ስድስት ነጥብ ከ63 በላይ ዐይነት ምልክት አይሰጥም፤ የእኛ ፊደል ደግሞ ከ200 በላይ ነው። ታዲያ ለአማርኛ አይሆንም ተብሎ አልተተወም። ዋናው የፊደል ድምፅ በአንድ ምልክት፣ የአናባቢው ድምፅ በሌላ ምልክት እየሆነ አማርኛ በብሬይል ተጻፈ። እንዲሁም በኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋ ፊደሉ በጣት ሲጻፍ የእጁ ቅርጽ ዋናውን ፊደል፣ የእጁ እንቅስቃሴ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ድምፅ ያሳያል። ፊደላችን ለነጥብም ለጣትም እሺ ብሏል። እምቢ የሚል ካለ ፊደሉ አይደለም።

አሁን ወደ ስልኩ እንምጣ። ዐይነ ስውር ሰው ስልክን እንዴት ይጠቀምበታል? ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። «ስክሪን ሪደር» የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ሥራውም በመስተዋቱ ላይ የሚታየውን ጽሑፍ በድምፅ ማንበብ ነው። በአንድሮይድ ስልክ ላይ ቶክባክ፣ በአይፎን ላይ ቮይስኦቨር ይባላል። ለኮምፒውተር ደግሞ ኤንቪዲኤ የሚባል አለ፤ ይህንንም እ.ኤ.አ. በ2006 ራሱ ዐይነ ስውር የሆነ ማይክል ከራን የሚባል አውስትራሊያዊ ጀመረው፤ ማንም ሰው በነጻ ሊወስደው ይችላል። ከእርሱ ጋር የሚሠራው ኢስፒክ ኤንጂ የሚባለው የድምፅ ፕሮግራም ከሚያነባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ድምፁ የመኪና ድምፅ እንጂ የሰው ለዛ የለውም፤ ቢሆንም ያነባል። ተጠቃሚው በጣቱ መስተዋቱን ሲዳስስ ከጣቱ ሥር ያለው ነገር ምን እንደ ሆነ ይነገረዋል፤ ሁለት ጊዜ መታ ሲያደርገው ይከፈትለታል።

ይህ ፕሮግራም ግን አንድ ጠባይ አለው። በመሠረቱ እንደ ሰው ዐይን ሥዕል አይቶ አያነብም፤ በአብዛኛው የሚያነበው በውስጥ የተመዘገበውን የፊደል ቁጥር ነው። ኮምፒውተር እያንዳንዱን ፊደል የሚያውቀው በቁጥር ነውና። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የፊደል መዝገብ፣ በዩኒኮድ፣ የራሱን ቁጥር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 በተባለው እትም ነው። ከዚያ በፊት በተሠሩት የአማርኛ መጻፊያዎች ዘንድ የእኛ ፊደል በላቲኑ ፊደል ቦታ ላይ ተሸሽጎ ይቀመጥ ነበር። ለሚያይ ሰው «ሰላም» ተብሎ ይታያል፤ ስክሪን ሪደሩ ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ይቀባጥራል። በዚያ ዐይነት መጻፊያ የተጻፉ አያሌ ሰነዶች ዛሬም በየኮምፒውተሩ ይገኛሉ።

ከዚህ የሚብሰውና በየቀኑ የምናየው ደግሞ ሌላ ነው። አንድ ማስታወቂያ በወረቀት ይታተማል፤ ማኅተም ይመታበታል፤ ከዚያም በስልክ ፎቶ ተነሥቶ በቴሌግራም ይለጠፋል። የሚያይ ሰው ያነበዋል። ዐይነ ስውሩ ግን ጣቱን ሲያሳርፍበት ስልኩ ብዙ ጊዜ «ፎቶ» ብሎ ዝም ይላል። በፎቶው ውስጥ የፈተና ቀን ይኑር፣ የሥራ ቅጥር ይኑር፣ የለቅሶ ጥሪ ይኑር አያውቅም። ስልኩ አለው፤ ፕሮግራሙ አለው፤ አማርኛውን ያውቃል፤ ወሬው ግን ከደጁ ደርሶ ተመለሰ። ያንኑ ማስታወቂያ ከፎቶው ሥር በፊደል ለመጻፍ የሚፈጀው ጊዜ አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው።

እንዲሁም ስም ያልተሰጠው የመተግበሪያ ቁልፍ አለ። ሠሪው የሥዕል ምልክት ብቻ አድርጎበት በጽሑፍ ምን እንደ ሆነ ስላላስገባ ስክሪን ሪደሩ «ቁልፍ፣ ቁልፍ፣ ቁልፍ» እያለ ያልፋል፤ የትኛው መላኪያ፣ የትኛው መሰረዣ እንደ ሆነ አይታወቅም። ከሁሉም የሚያስገርመው አንዳንድ ድረ ገጾች «ሰው መሆንህን አረጋግጥ» ብለው የተጠማዘዘ ፊደል ወይም የመኪና ሥዕል ለይተህ አሳይ ማለታቸው ነው። በሥዕሉ ፋንታ በድምፅ የሚፈትን ካልተጨመረበት የማያይ ሰው ሰውነቱን ማስመስከር ሊያቅተው ነው! መስማት ለተሳናቸውም ነገሩ እንዲሁ ነው። ትምህርቱ በድምፅና በቪዲዮ ብቻ ተቀርጾ ከሥሩ ጽሑፍ ካልታከለበት ለእነርሱ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ማየት ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያደርግ ሰው ክፉ ነውን? አይደለም። በቅዱስ ማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 በቅፍርናሆም የሆነውን እናስታውስ። ሽባውን ሰው አራት ሰዎች ተሸክመው ባመጡት ጊዜ ቤቱ በሕዝብ ተጨናንቆ ነበር። ከሕዝቡ መካከል ሽባውን የጠላው አንድም ሰው አልተጠቀሰም። እያንዳንዱ ለመስማት በተመቸው ቦታ ቆመ፤ ሁሉም በአንድነት ግን ግድግዳ ሆኑ። ልብ በሉ፤ ተሸካሚዎቹ «እኛ ሰምተን እንነግርሃለን» ብለው በደጅ አላስቀሩትም፤ ጣራውን አነሡ። እኛም ፎቶውን ስንለጥፍ ማንንም አልጠላንም፤ በተመቸን ቦታ ቆምን እንጂ። ነገር ግን ክፉ አለማሰብ ብቻውን ከኃላፊነት አያድንም። መንገድ ላይ ድንጋይ የጣለ ሰው «ዕውር ያልፋል ብዬ አላሰብሁም» ቢል የተሰበረው እግር አይጠገንለትም።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ሦስት ነገር ይመልሳሉ።

አንደኛ «ቁጥራቸው ጥቂት ነው» ይላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ግምት ከዓለም ሕዝብ 16 በመቶው፣ ማለትም 1.3 ቢሊዮን ያህል ሰው፣ ከባድ የአካል ጉዳት አለበት። በአገራችን በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ ሰው 1.6 ያህሉ ዐይነ ስውር መሆኑን አሳይቷል። በትራኮማ፣ አገሬው የዐይን ማዝ በሚለው በሽታ፣ እጅግ ከሚጠቁት የአገራችን ክፍሎች አንዱ ደግሞ የእኛው የአማራ ክልል ነው። ይህም ሁሉ ቀርቶ፣ የጠፋችው በግ አንዲት ብቻ መሆኗ እረኛውን አላስቀረውም። በተጨማሪም ዕድሜ ከሰጠን ሁላችንም ዐይናችን ይደክማል፤ ጆሯችንም ይከብዳል። ፊደሉን ጎላ አድርጎ መጻፍ፣ ቀለሙን ከመደቡ መለየት የነገውን የራሳችንን ዐይን መርዳት ነው።

ሁለተኛ «ሌላ ሰው ያንብብለት» ይላሉ። ይህ የደግ ሰው መልስ ይመስላል። ወንድም ለወንድሙ ቢያነብለት መልካም ነው፤ በአገራችን ያልተማረ አባት ደብዳቤውን በጎረቤት ልጅ ሲያስነብብ ኖሯል። ዳሩ ግን ደብዳቤው ሁሉ የአደባባይ ወሬ አይደለም። የሐኪም ውጤት አለ፤ የእጮኛ መልእክት አለ፤ የሒሳብ መዝገብ አለ። ገንዘቡን በስልክ ለመላክ የምሥጢር ቁጥሩን ለጎረቤት መንገር ያለበት ሰው ገንዘቡን ብቻ አይደለም አሳልፎ የሚሰጠው፤ ቤቱን የሚያስተዳድርበትን ጌትነት ጭምር ነው። የሚያነብለት ሰው ታማኝ ቢሆን እንኳ ሰዓቱን ይጠብቃል፣ ፊቱን ያያል፣ «አስቸገርሁህ» ይላል። አንድ ሰው በየቀኑ «አስቸገርሁህ» እያለ እንዲኖር ማድረግ በደል ነው፤ በተለይም ያለዚያ መኖር ሲችል።

ሦስተኛውና ከበድ ያለው መልስ «በእኛ አገር አብዛኛው ዐይነ ስውር እንኳን ስማርት ስልክ ቀርቶ የዕለት እንጀራም የለው፤ ይህ የከተማ ቅንጦት ነው» የሚለው ነው። ይህን በቀላሉ አናልፈውም፤ እውነት አለበትና። ከጃማ ሜዳ እስከ ዓባይ ሸለቆ አፋፍ ባሉት መንደሮች ትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጠ ዐይነ ስውር ልጅ አለ። የተራበን ሰው በስክሪን ሪደር ማጥገብ አይቻልም። ነገር ግን ነገሩን ከሥሩ እንመርምረው። ያ ሰው የዕለት እንጀራ ያጣው ለምንድን ነው? ዐይኑ ስላላየ ብቻ ነውን? ወይስ ፊደል የሚማርበት፣ ሥራ የሚሠራበት፣ ወሬ የሚሰማበት ደጅ አንድ በአንድ ስለ ተዘጋበት? ድህነቱን ያመጡት የተዘጉ ደጆች ከሆኑ «ደኻ ነውና ደጅ አያስፈልገውም» ማለት ምክንያቱን በውጤቱ ማጽደቅ ይሆናል። ሳንቲሙ ዛሬን ያሳድረዋል፤ ደጁ ግን ነገ ሳንቲም ከመለመን ያድነው ይሆናል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ አንዱ ስለ ሌላው አይቀርም።

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። የመካነ ሰላም አካባቢ ጎረቤት በሆነው በአማራ ሳይንት በ1974 ዓ.ም. አንዲት ሕፃን ተወለደች፤ ስሟም የትነበርሽ ንጉሤ ነው። በአምስት ዓመቷ ዐይኗን አጣች። በዚያ ዘመን በአካባቢዋ ልጃገረዶች በለጋነታቸው ይዳሩ ነበር፤ እርስዋም ዐይነ ስውርነቷ ከዚያ ዕጣ እንዳዳናትና ለትምህርት እንዳበቃት በአደባባይ ደጋግማ ተናግራለች። በሻሸመኔ የካቶሊክ የዐይነ ስውራን ትምህርት ቤት፣ በኋላም በአዲስ አበባ ተማረች፤ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቀች። እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያ የአካል ጉዳትና ልማት ማዕከልን ካቋቋሙት አንዷ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበለች።

የእርስዋን ታሪክ ስንሰማ «እንዴት ያለች ብርቱ ናት!» ብለን አድንቀን እንዳናልፍ እንጠንቀቅ። ብርቱ መሆኗ እርግጥ ነው። ነገር ግን ብርታቷ ፍሬ ያፈራው ፊደል በጣቷ የምታነብበት ትምህርት ቤት ስለ ተገኘላት ነው፤ ያም ትምህርት ቤት የተገኘው ከሳይንት እጅግ ርቆ በሻሸመኔ ነው። እንደ እርስዋ ያለ አእምሮ ኖሮት የሚያደርሰው ሰው ያጣ ልጅ ስንት ይሆን? ስልኩ በዚህ በኩል አዲስ ነገር ያመጣልን ይመስለናል። ትምህርት ቤቱ ወደ ገደሉ ማዶ ሊመጣ ባይችል መጽሐፉ በስልክ ሊመጣ ይችላል፤ አንድ የብሬይል መጽሐፍ ብዙ ጥራዝ ሆኖ በአህያ ሲጫን፣ በፊደል የተጻፈ መጽሐፍ ግን በስልክ ውስጥ ክብደት የለውም። ይህ የሚሆነው ግን በፎቶ ሳይሆን በፊደል ከተጻፈ ነው።

ሕጉም ከዚህ ጋር ይስማማል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲያቋቁምና እንዲረዳ ያዛል። አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 9 አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ሕንፃውና መንገዱ ብቻ ሳይሆን መረጃውና የመገናኛ ቴክኖሎጂውም ለሁሉ ተደራሽ እንዲሆን ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈረመው የማራካሽ ስምምነትም መጻሕፍትን ማንበብ ለተሳናቸው ሰዎች በሚመች መልክ ለማባዛት የደራሲ መብት ዕንቅፋት እንዳይሆን መንገድ ከፍቷል፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2020 አባል ሆናለች። ከርዳታ ወደ መብት የተደረገውን ጉዞ ልብ ማለት ይገባል። ርዳታ ሰጪው ሲመቸው የሚሰጠው ነው፤ መብት ግን ባለቤቱ ደጁ ላይ ቆሞ ሊጠይቀው የሚችል ነገር ነው።

እንግዲህ እኛ የሰንበት ተማሪዎች ምን እናድርግ? መሐንዲሶች አይደለንም፤ የሚከተሉትን ለማድረግ ግን መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

ሀ. ማስታወቂያን በፎቶ ብቻ አንለጥፍ፤ ቃሉን በፊደል ከሥሩ እንጻፈው። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ከሆነ ፎቶውም ጽሑፉም አብረው ይሁኑ።

ለ. የበዓልና የጉባኤ ሥዕሎችን ስንልክ ሥዕሉ ምን እንደሚያሳይ በአንድ ዐረፍተ ነገር እንግለጽ።

ሐ. መዝሙርና ስብከት በቪዲዮ ስናሰራጭ ቃሉን በጽሑፍ እናያይዝ።

መ. የምንጽፈው ሁሉ በዩኒኮድ ይሁን፤ የቆየውን የጉባኤ ሰነድም ጊዜ ያለን ልጆች ተከፋፍለን እንደገና እንጻፈው።

ሠ. ከመካከላችን ኮምፒውተር የሚማሩና መተግበሪያ የሚሠሩ ቢኖሩ ለእያንዳንዱ ቁልፍ ስም ይስጡት፤ ሥራቸውንም ዐይናቸውን ጨፍነው በስክሪን ሪደር ይፈትኑት።

ረ. ከሁሉ በፊት ባለቤቱን እንጠይቅ። ስልክ ያለው ዐይነ ስውር ወይም መስማት የተሳነው ጎረቤት ያለን ሁሉ «የትኛው ደረሰህ? የትኛው አልደረሰህም?» እንበለው። የሚያስፈልገውን ከእርሱ በላይ የምናውቅ አይደለንም።

የሚመጣው ሰንበት የጉባኤ ጥሪ ገና አልተለጠፈም። ጥሪውን የሚያዘጋጁት ልጆች ከመለጠፋቸው በፊት በአንድ ስልክ ላይ ቶክባክን ከፍተው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡት። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ከሰሙ ይለጥፉት። «ፎቶ» ብሎ ዝም ካለ ግን አምስት ደቂቃ ወስደው ይጻፉት።